የኦርፋ ቀጥ ያለ ስፌት

ወይዘሮ ኦርፋ ሊንድስትሮም በገዛ ምድር ቤታቸው ደረጃ ግርጌ አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። የስፌት ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ነበር፤ አንድ ጫማቸው ከላይ ደረጃው ላይ ቀርቷል። በመደርደሪያው ላይ ከተሰለፉት፣ የተቀቀለ ኮክ ከታሸገባቸው ማሰሮዎች አንዱም አልተነካም። ዕለቱ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ የሃሎዊን እራት ስለሆነ፣ በብራሽ ክሪክ ከተማ በየበረንዳው ዱባ ተፈልፍሎ ዓይንና ጥርስ ወጥቶለታል፤ በየዛፉም የፕላስቲክ አፅም ተንጠልጥሏል። ሰዉ በሞት እየቀለደ የሚዝናናበት ሳምንት ነበር። እውነተኛው ሞት መሃላቸው ሲገባ ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፋ።

መርማሪ ዴላ ክሮግስታድ ስትደርስ የከተማውን የፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፍ ቦይድን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ፖም ሲገምጥ አገኘችው።

«ከዚህ ቤት ነው ያነሳኸው?»

«ምኑን?»

«ፖሙን።»

ሸሪፉ ፖሙን አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው። «ነገሩ አልቋል፣ ዴላ። የወንድማቸው ልጅ ዌድ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳ ሲጠርግ የነበረው እሱ፣ ሞተው አገኘኋቸው ብሎ የደወለውም እሱ። ባለፈው ሳምንት ‹የመኪናሽን ቁልፍ ስጪኝ› እያለ ሲጮህባቸው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ሱሰኛ እንደነበረ ደግሞ ታውቂያለሽ።»

«አዳልጧቸው ወድቀው ቢሆንስ?»

«የምድር ቤቱ በር መወርወሪያ በዚህ በወጥ ቤቱ በኩል ነው ያለው። ልጁ ሲደርስ ተዘግቶ ነበር። የሞተ ሰው ደረጃ ወጥቶ ከውጭ አይዘጋም።»

«ተዘግቶ ነበር ያለህ ማነው?»

«ራሱ ዌድ።»

ዴላ ሸሪፉን ትክ ብላ አየችው። «ገዳዩ እሱ ከሆነ ስለ መወርወሪያው ምን አስለፈለፈው? ዝም ቢል ኖሮ ወድቀው ነው ብለን እንቀብራቸው አልነበር?»

«ሱሰኛ መች ያስባል!» አለ ሸሪፉ። ይህ ለማንኛውም ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነበር።

ሐኪሙ ምድር ቤቱ እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ የሞቱበትን ሰዓት በትክክል መናገር እንደማይችል ገለጸ። ከእኩለ ቀን እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አለ።

«ሰዓቱን ለኛ የሚነግረን ያ ነው» አለና ሸሪፉ ወደ ስፌት ክፍሉ መራት።

ጠረጴዛው ላይ ብርቱካንማ መደብ ያለው ረጅም ጨርቅ ተዘርግቷል። የእራት ጠረጴዛ መሃል ለመሃል የሚነጠፍ የሃሎዊን ማስጌጫ ነው። በሁለቱ ጫፎች ዱባዎች፣ ከዱባዎቹ አጠገብ ጀርባቸውን የነፉ ጥቁር ድመቶች ተሰፍተውበታል። ገበሩ ገብቷል፤ ተገልብጦ ወደ ደህናው ጎኑ ወጥቷል፤ በካውያም ተተኩሷል። የቀረው ነገር ቢኖር ጨርቁ የተገለበጠበት፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ነው። እዚያም ላይ ክር ያለበት መርፌ ተሰክቷል።

«ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ሆነው እዚህ ቤት ይሰፋሉ» አለ ሸሪፉ። «ወይዘሮ ኦርፋ፣ ወይዘሮ ቬርና ሆልክ እና ወይዘሮ ዶሎሬስ ፒክ። ሁለቱ እኩለ ቀን ላይ ሲወጡ ይሄ ጨርቅ አብዛኛው ገና የተቆራረጠ ብጥስጣሽ ነበር። እዚህ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ ሴትየዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድም በሕይወት ነበሩ። ዶሎሬስ ከሰዓቱን ሙሉ ፀጉር ቤት፤ ቬርና ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ጠረጴዛ ሲደረድሩ፣ ደርዘን ሰው አይቷቸዋል። እዚህ የነበረው ዌድ ብቻ ነው።»

ዴላ ወደ ጨርቁ ተጠጋች። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሷ ግን መርፌ ከያዘች ብዙ ዘመን አልፏል። ቢሆንም ጥሩ ስፌት ስታይ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ የዱባውን ዙሪያ በጣቷ ተከተለች። ክሩ ከጠርዙ ሳይርቅ፣ ሳይቀርብ፣ እንደታተመ ያህል ዞሯል። የድመቶቹ ጆሮ ሹል ነው። ያልገባት የጨርቁ መሃል ነው። ከሁለቱ ድመቶች መሃል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ባዶው ላይም ስፒል ገብቶ የወጣበት ጥቃቅን ቀዳዳ ይታያል። አንድ ነገር እዚያ ተይዞ ነበር፤ ከዚያም ተነሥቷል።

ከዚያ ቀና ብላ ቤቱን አየች። ከስፌት መኪናው በላይ ሦስት መብራት ተደርድሯል። የስልኩ ቁጥሮች ድፍን ዳቦ ያክላሉ። የምድጃው ማብሪያ ላይ የልብስ ቁልፍ ተለጥፏል፤ በጣት እየዳሰሱ የሚለዩበት ነው። መርፌ መሰኪያው ላይ ደግሞ መርፌዎቹ ሁሉ ክር ገብቶላቸው ተዘጋጅተዋል፤ ጥቁሩ፣ ብርቱካኑ፣ አረንጓዴው።

ሬሳው ከመነሣቱ በፊት ዴላ ምድር ቤት ወርዳ ሽርጡን አየችው። ኪሱ በቅርብ ጊዜ የተለጠፈ ነው። ስፌቱ ከኪሱ ጠርዝ ወጥቶ ሽርጡ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ፣ እንደገና ተመልሶ ይገባል። ነገሩ ሸተታት።

*

ዌድ እስር ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ የከሳ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው።

«የመኪና ቁልፉን ለምን ፈለግከው?» አለችው ዴላ።

«ልሸጠው ነዋ! እንደዚያ አይደል የሚባለው?»

«የሚባለውን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ዌድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «እንዳትነዳ ነው። ሄደው መኪና ማደሪያዋን ይዩት። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?»

ሄዳ አየችው። የማደሪያው የበር ምሰሶ በሁለቱም በኩል አይጥ እንደጋጠው ዳቦ ተበልቷል። የመኪናዋ ፊት ከቀኝ እስከ ግራ ተጫጭሯል፣ ተጎርብጧል፤ የትኛው ጉርባጥ የየትኛው ቀን እንደሆነ አምላክ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከተማው በወይዘሮ ኦርፋና በምሰሶው ጠብ ሲስቅ ኖሯል። ከሚስቁት አንዱም ግን ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀም።

*

ወይዘሮ ዶሎሬስ ፒክን ዴላ ዓርብ ጠዋት በብስኩት ላይ የሌሊት ወፍ ሲስሉ አገኘቻቸው። ዓይናቸው አብጧል፤ አፋቸው ግን አላረፈም።

«ወሬ አይሁንብኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ…» ብለው ጀመሩ።

«ወሬም ቢሆን ይንገሩኝ።»

«እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ኦርፋ አንዱን ዱባ ሰፍታ ጨርሳለች፤ ሌላው ገና በስፒል የተያዘ ነበር። ክሩን ስፌት መኪናው ላይ የምታስገባላት ቬርና ናት። መርፌዎቹንም ለሳምንት እንዲበቋት ክር እያስገባች የምትሰካላት እሷው ናት። እኔማ የቬርና ነገር ሁልጊዜ ጥንቅቅ ማለት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።»

«ዱባው እንዴት ነበር?»

«ሙት አይወቀስም» አሉ ዶሎሬስ፤ ግን መቻል አቃታቸው። «መኪና የሄደበት ዱባ ነው የሚመስለው! ሳቄን ስውጥ ልታነቅ ነበር። የኔም ስፌት ዶሮ የተራመደችበት ነው፣ አልዋሽም፤ የሷ ግን ባሰ። ደግነቱ ዓመት በዓመት የሁላችንንም ሥራ ቬርና ለመጨረሻ ተኩስ ቤቷ ትወስደዋለች፤ በካውያ አታምነንም። እራቱ ቀን ስናየው ሁሉም አምሮ ይጠብቀናል። ተኩስ ስንቱን ያሳምራል!»

«ጨርቁ መሃል ላይ ምን ነበር?»

ዶሎሬስ ብስኩቱን አስቀመጡት። ድምፃቸው ወረደ። «ጣረሞት ነው። ዘንድሮ ጣረሞት የሚባል ነገር ላንሰፋ ለቬርና ስንል ተስማምተን ነበር። ኦርፋ ግን ነጭ ጨርቅ አውጥታ ቆረጠችና መሃል ላይ በስፒል ያዘችው። ደነገጥኩ። በእግሬ ብመታት አልሰማ አለችኝ። ‹ቬርናዬ፣ አንቺ ትንሽ ቆዪልኝ፣ የምነግርሽ ነገር አለ› አለቻት። የምትነግራትን ሳልሰማ ፀጉር ቤት መሄዴ እስካሁን ያንገበግበኛል።»

«ወይዘሮ ቬርና ምን ያህል ቆዩ?»

«ወዲያው ተከትዬሽ ወጣሁ ብላኛለች።»

*

ጣረሞቱ ለምን እንደተከለከለ ዴላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያለፈው ሃሎዊን ዕለት ጀምበር ስትጠልቅ የወይዘሮ ቬርና የልጅ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ጁኒ፣ አያቷ የሰፉላትን ነጭ አንሶላ ለብሳ፣ ጣረሞት ሆና፣ ከረሜላ ልትለምን ወጣች። በገጠሩ መንገድ ዳር መኪና ገጭቶ ገደላትና አመለጠ። መዝገቡን የያዘችው ዴላ ናት። ዓመቱን ሙሉ ባዶ እጇን ቀርታለች። ወይዘሮ ቬርና በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ባገኟት ቁጥር ከሰላምታ በፊት «የጁኒን ነገር ምን ደረስሽ?» ይሏታል፤ እሷም አንገቷን ትደፋለች። አንዳንዴ በሩቅ ስታያቸው መንገድ ቀይራ ታውቃለች።

የወይዘሮ ቬርና ቤት ከሟቿ ጓሮ ጋር ይገናኛል። በሩን የከፈቱላት ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነው። ቀጥ ያሉ፣ ንጹሕ፣ ፀጉራቸው አንድም ዘለላ ያልወጣበት ሴት ናቸው።

«ግቢ ልጄ። የኮትሽ ቁልፍ ሊወድቅ ነው።»

«ይተዉት፣ ወይዘሮ ቬርና።»

«እንዴት ይተዋል? አውልቂውና አምጪው።» ኮቷን ተቀብለው መርፌ አወጡ፤ ክሩንም በአንድ ሙከራ አስገቡ። ዴላ የጠየቀቻቸውን ሁሉ ቁልፉን እየሰፉ መለሱላት።

«ዶሎሬስ እንደወጣች ተከትዬ ወጣሁ። ራሴን አሞኝ ነበር፤ እዚህ መጥቼ ጋደም አልኩ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።»

«ወይዘሮ ኦርፋ ሊነግሩዎት የፈለጉት ነገር ነበር ይባላል።»

«ስለ እሑድ አበባ ነው። ማን ያመጣል የሚል።»

«ከዌድ ጋር ይጣሉ ነበር?»

መርፌው ለአፍታ ቆመ። «ልጁ ክፉ አይደለም» አሉ። «ያ ሸሪፍ ቸኩሏል።» ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ኮቱን ሰጧት። ቁልፉ ድንጋይ ላይ የተተከለ ይመስል አልነቃነቅ አለ።

ግድግዳው ላይ ጁኒ የፊት ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች። ዴላ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ ጥያቄውን ጠበቀች። ወይዘሮ ቬርና ግን በሩን ከፈቱላትና «ብርድ እንዳይመታሽ» ብለው ሸኟት።

ዴላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች። ወይዘሮ ቬርና በዓመት ውስጥ ስለ ጁኒ ሳይጠይቋት ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ያሰበችውን ነገር ባላሰበችው ደስ ባላት ነበር።

*

ቅዳሜ፣ እንግዳ ሳይመጣ በፊት፣ አራቱን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛዎቹ ተዘርግተዋል፤ የዱባው ኬክ ሽታ ከወጥ ቤቱ ይመጣል። ዌድ ካቴና እንዳደረገ ከሸሪፉ አጠገብ ቆሟል። ዶሎሬስ መሐረባቸውን ይዘዋል። ወይዘሮ ቬርና ወንበር ስበው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ዴላ የወይዘሮ ኦርፋን ጨርቅ ዘረጋችው።

«ሸሪፍ ቦይድ ይሄ ጨርቅ ሰዓቱን ነገረን ብሏል» ብላ ጀመረች። «እውነቱን ነው። የነገረንን ግን አልሰማነውም። ጥያቄው ጨርቁ መቼ ተሰፋ አይደለም፤ ማን ሰፋው ነው።»

«ማን ይሰፋዋል? ወይዘሮ ኦርፋ ናቸዋ!» አለ ሸሪፉ።

«ይሄ ጨርቅ በሦስት ቀለም ክር ነው የተሰፋው፤ በጥቁር፣ በብርቱካን፣ በአረንጓዴ። ክሩ በተቀየረ ቁጥር በስፌት መኪናው መርፌ ውስጥ ማስገባት የግድ ነው። ወይዘሮ ኦርፋ ደግሞ ክር ማስገባት ካቆሙ ቆይተዋል። መርፌዎቻቸው ሁሉ በሰው እጅ ክር ገብቶላቸው ነው የሚቀመጡት። ምድጃቸውን በዳሰሳ ነው የሚለኩሱት። መኪና ማደሪያቸውን ሄደህ እይ። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር።»

«ኦርፋ?» አሉ ዶሎሬስ። «የኛ ኦርፋ? መኪና እየነዳች?»

ዌድ ሳቅ የሌለበት ሳቅ ሳቀ። «ቁልፉን ስጪኝ ያልኳት ለዚያ ነው። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።»



«እንግዲህ እሳቸው ካልሰፉት» ቀጠለች ዴላ «ሌላ ሰው ሰፍቶታል። ሌላ ሰው እዚያ ቤት ቁጭ ብሎ ሊሰፋ የሚችለው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ምክንያቱም አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበሩ እንድንል። ስለዚህ የሞቱት ገና እኩለ ቀን ላይ ነው። ዌድ ያን ጊዜ አልመጣም። ቢመጣስ መርፌ መች ይይዛል? ወይዘሮ ዶሎሬስ ፀጉር ቤት ነበሩ፤ ስፌታቸውንም ራሳቸው መስክረውበታል።»

«ዶሮ የተራመደችበት ነው» አሉ ዶሎሬስ በሹክሹክታ። ከዚያ የቀረው ማን እንደሆነ ገባቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወደ ጎን ግን አልዞሩም።

ዴላ የጨርቁን አንድ ጫፍ አንሥታ ወደ መብራቱ ያዘችው። «ይሄ ወይዘሮ ኦርፋ ጠዋት የሰፉት ዱባ ነው። ወይዘሮ ዶሎሬስ አይተውታል፤ መኪና የሄደበት ይመስል ነበር ብለውኛል። አሁን እዩት። እንከን አለው? ጠጋ ብላችሁ ግን ከክሩ ጎን ያለውን ተመልከቱ።»

ሸሪፉ ዓይኑን አጨንቁሮ አየ። ከቀጥተኛው ስፌት ጎን፣ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ የሚንከራተት የባዶ ቀዳዳ መስመር በብርሃኑ ታየ።

«ቀዳዳዎቹ የወይዘሮ ኦርፋ እጅ ናቸው። ስፌቱን ሌላ ሰው ተርትሮ እንደገና ሰፍቶታል። ያለፈውን ዓመት ጨርቃቸውን ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን አውጥቼ አየሁት፤ እሱም እንዲሁ ነው። የካቻምናውም። ዓመት በዓመት ለተኩስ የሚወስደው ሰው ቤቱ እያስገባ ሲያቃናላቸው ኖሯል።» ዴላ ወደ ወይዘሮ ቬርና ዞረች። ድምፅዋ ሳታስበው ለሰለሰ። «ጠማማውን ዱባ እንዳለ ቢተዉት ኖሮ፣ ወይዘሮ ቬርና፣ ወይዘሮ ኦርፋ ናቸው የሰፉት ብዬ እኔም አምኜ ነበር።»

ወይዘሮ ቬርና ጨርቁን እንጂ ሰው አላዩም።

«አውቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ስተረትረውም አውቅ ነበር። ተይው አልኩት እጄን። እጄ አልተወውም።»

«ቬርና!» አሉ ዶሎሬስ። «አርባ ዓመት ጓደኛሽን? በምን ምክንያት?»

«ምክንያቱ መሃል ላይ የነበረው ጣረሞት ነው» አለች ዴላ። «ጨርቁን የጨረሰው ሰው ሁሉን ሰፍቶ እሱን ብቻ ሊሰፋው አልቻለም፤ ነቅሎ ወሰደው። ትናንት ቤትዎ ስመጣ ደግሞ ስለ ጁኒ አልጠየቁኝም። ዓመቱን ሙሉ ጠይቀውኝ ትናንት የተዉት፣ መልሱን ከኔ በፊት ስላገኙት ነው።»

ወይዘሮ ቬርና ቦርሳቸውን ከፈቱ። ነጩን ቁራጭ በሥርዓት ታጥፎ እንደተቀመጠ አወጡትና ባዶው ቦታ ላይ አኖሩት።

«‹አንሶላ መስሎኝ ነበር› አለችኝ» አሉ። «‹ነፋስ ከአንዱ ደጅ የነጠቀው የሃሎዊን ጨርቅ መስሎኝ ነበር፤ ሰው መሆኑን የሰማሁት በማግስቱ ነው› አለችኝ። ያን ጣረሞት የቆረጠችው ልትናገር ብላ ነው፤ አፏ እምቢ ስላላት በጨርቅ ጀመረችልኝ። ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለለቅሶዬ ኬክ ጋግራ አምጥታለች። እኔ ዝም አልኩ፤ ድምፅ የሚባል አልወጣኝም። እሷ እያለቀሰች ተነሣች። ‹ለጁኒ እናት የኮክ ማሰሮ ላውጣላት› አለች። የኮክ ማሰሮ! በሩን ከፍታ ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

ወይዘሮ ቬርና ቦርሳቸውን ዘጉ።

«ገፋኋት። ወርጄ አየኋት፤ ትንፋሽ የላትም። ከዚያ ወጥቼ ሰፋሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

«የምድር ቤቱን በር ለምን ዘጉት?» አለ ሸሪፉ። «ክፍት ቢሆን ወድቀው ነው እንል ነበር።»

«ብርድ ይገባላ» አሉ ወይዘሮ ቬርና፤ ጥያቄው የገረማቸው ይመስል። «እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ ያን በር ከፍቼ ትቼ አላውቅም።»

ወደ ዌድ ዞሩ። «አንተ ትያዛለህ ብዬ አላሰብኩም። ስትያዝም ዝም አልኩ። ለሱ ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ይቅር የሚባል አይደለም።»

ዌድ አንድ እርምጃ ወደሳቸው ቀረበ። «ዓይኗ እንደጠፋ ያውቁ ነበር?» አላቸው። «ከኔ በፊት?»

ወይዘሮ ቬርና መልሱን ሲፈልጉ ዴላ ፊታቸውን አየች። እስከዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ የቆየው ጀርባቸው ያን ጊዜ ጎበጠ።

«ከማንም በፊት» አሉ። «ሰው እንዳይስቅባት ብዬ ነው። ልመናም አልለመነችኝም፤ ራሴ ነኝ። ሥራዋን እየወሰድኩ ተረተርኩ፣ ሰፋሁ፣ መለስኩ። ሁሉም ‹የኦርፋ እጅ እስካሁን አይስትም› ሲል ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ዓመት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠማማውን እንዳለ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብዘረጋው ኖሮ አታይም ይባል ነበር። ቁልፉን ይቀሟት ነበር። አንተም ስትጮህ የሚሰማህ ይገኝ ነበር።» ጣታቸው ነጩን ቁራጭ ዳሰሰው። «አንሶላውን ለጁኒ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ኦርፋንም ዓይናማ ያስመሰልኳት እኔ ነኝ። እሷ እንኳ መንገዱን አላየችም። እኔ እኮ አያለሁ።»

ዶሎሬስ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሸሪፉ የዌድን ካቴና ፈታ፤ ይቅርታ ለማለት ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለቴም ተወው። ዌድ የእጁን አንጓ እያሸ ወጣና አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

ወይዘሮ ቬርና ከመነሣታቸው በፊት ጨርቁ ላይ የተሰካውን መርፌ ያዙት። «ይቺን ክፍት ልዝጋት?»

«አይቻልም» አለች ዴላ። «ማስረጃ ነው።»

መርፌውን ለቀቁት። የጨርቁን ጫፍ ብቻ ሳብ አድርገው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል አደረጉት። ከዚያ ለካቴናው እጃቸውን ዘረጉላት።

ውጭ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር እየመጡ ነበር፤ ጠንቋይ፣ አፅም፣ ዱባ። ወይዘሮ ቬርና በመኪናው የኋላ ወንበር ተቀምጠው እስኪያልፉ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ለልጄ ማን ይነግራታል?» አሉ።

«እኔ እነግራታለሁ። አሁን፣ እርስዎን እንዳደረስኩ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ወይዘሮ ቬርና።»

ጥቂት መንገድ ሄዱ። በገጠሩ መንገድ፣ ጁኒ በወደቀችበት መታጠፊያ፣ ዴላ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«ቁልፍሽ ጠበቀልሽ?» አሉ ወይዘሮ ቬርና።

ዴላ ሳትፈልግ እጇ ወደ ኮቷ ሄደ። ቁልፉ ንቅንቅ አይልም።

«ጠብቋል» አለች።

ከመታጠፊያው ወዲያ የጁኒ እናት ቤት ይታያል። በረንዳው ላይ ዘንድሮ ዱባ የለም፤ የሳሎኑ መብራት ግን በርቷል።